የሽማግሌዎችና የወጣቶች ጠብ በቆሮንቶስ፤ ስለ ቅዱስ ቀሌምንጦስ መልእክት የተደረገ ምርመራ

በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ሲለያዩ ጉዳቱ በሁለቱም ላይ እንደሚወድቅ የሚያስተምሩ ጽሑፎች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም እጅግ ከቆዩት አንዱ የሮም ቤተ ክርስቲያን በኤጲስ ቆጶስዋ በቅዱስ ቀሌምንጦስ እጅ ወደ ቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን የላከችው መልእክት ነው። ይህ መልእክት በአገራችን በስሙ እንጂ በቃሉ ብዙ አልታወቀም። አባቶች ልጆችን፥ ልጆችም አባቶችን በሚከሱበት በዚህ ዘመን ግን ሊነበብ ይገባዋል፤ አነባበቡም እያደነቁ ብቻ ሳይሆን እየመረመሩ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ መልእክቱ ምን እንደሚል፥ የትኛው ንግግሩ እንደሚያምርና የትኛው እንደሚጎድል በአጭሩ እንመልከት።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያናችን ከ81ዱ መጻሕፍት ጋር የሚቈጠረው መጽሐፈ ቀሌምንጦስ ሌላ ነው፤ ይህም መልእክት ሌላ ነው። ያኛው ጴጥሮስ ለደቀ መዝሙሩ የገለጠለትን ምሥጢር ከሥነ ፍጥረት ጀምሮ የሚተርክ ነው። ይህኛው ግን በጽርእ ቋንቋ የተጻፈ፥ 65 ምዕራፍ ያለው፥ አንድ ጠብ ለማብረድ የተላከ ደብዳቤ ነው። ሊቃውንት ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ96 ዓ.ም. ገደማ ያደርጉታል። የጸሓፊው ስም በውስጡ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ሄሬኔዎስ በቀሌምንጦስ ዘመን በቆሮንቶስ ወንድሞች መካከል ጠብ እንደ ተነሣና የሮም ቤተ ክርስቲያን ብርቱ መልእክት እንደ ላከች ይመሰክራል። የቆሮንቶስ ኤጲስ ቆጶስ ዲዮናስዮስም በ170 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሮም ሲጽፍ፥ ይህ መልእክት በቤተ ክርስቲያናቸው ይነበብ እንደ ነበረ መናገሩን አውሳብዮስ ጽፎልናል። ከብዙ ዘመን በኋላ መልእክቱ የተገኘው የእስክንድርያ ብራና በሚባለው በ5ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ነው፤ ከዚያም አንድ ቅጠል ጎድሎ ነበር። የጎደለው የተሟላው በ1056 የተጻፈ ሌላ ብራና በቍስጥንጥንያ ተገኝቶ በ1875 በታተመ ጊዜ ነው።

የመልእክቱ ምክንያት ይህ ነው። በቆሮንቶስ አንዳንድ ሰዎች ተነሥተው በሹመት የነበሩትን ቀሳውስት ከመንበራቸው አወረዱ። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ከደረሰ 45 ዓመት ያህል አልፎ ነበርና፥ በጉልማስነታቸው ከሐዋርያው ቃል የሰሙት አርጅተዋል፤ ከእነርሱ የተወለዱትም ሐዋርያውን በዓይናቸው ሳያዩ አድገዋል። የመጀመሪያው ትውልድ ያየውን ይናገራል፤ ሁለተኛው የሰማውን ይናገራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠብ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም።

የጸሓፊው ጥበብ ከመግቢያው ይታወቃል። ሰላምታውን ሲሰጥ የሮምንም የቆሮንቶስንም ቤተ ክርስቲያን በዚህ ዓለም በእንግድነት እንደሚኖሩ አድርጎ ይጠራቸዋል። እንግዳ ለሆነ ሰው ቤቱ የእኔ ነው ብሎ መጣላት አይገባውምና፥ ተግሣጹ ገና በሰላምታው ተጀምሯል። ከዚያም ወዲያው አይወቅሳቸውም፤ ቀድሞ የነበራቸውን መልካም ስም፥ እንግዳ መቀበላቸውን፥ ለሽማግሌዎች የሚሰጡትን ክብር እየዘረዘረ ያመሰግናቸዋል። አንባቢው በምስጋናው ደስ ሲለው በሦስተኛው ምዕራፍ ነገሩ ይገለበጣል። የበደለኞቹንም ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይጠራም። ስማቸውን ቢጠራ ኖሮ ንስሓ በገቡ ጊዜ እንኳ እስከ ዛሬ በስማቸው በተወቀሱ ነበር። እንዲሁም ጸሓፊው ራሱን ከተግሣጹ ውጭ አያደርግም፤ እኛም በዚያው የትግል ሜዳ ነን ሲል ቃሉን ወደ ራሱ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ለሚገሥጽ አባት ታላቅ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ። ቅኔ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው የነገር ሁሉ ቍልፍ ከግሡ ላይ ነው። በጽርእ «ፕሬስቢቴሮስ» የሚለው ቃል በዕድሜ የገፋውንም ሰው፥ በቤተ ክርስቲያን የተሾመውንም ካህን ይጠራል። በእኛም እንዲሁ ነው። በግዕዝ ልህቀ ማለት አደገ፥ አረጀ ማለት ነው፤ ሊቅም ከዚያው ግሥ ይወጣል። ቀሲስ የሚለውም ስም በመሠረቱ ሽማግሌ ማለት ነው። እንግዲህ ጸሓፊው ወጣቶች በሽማግሌዎች ላይ ተነሡ ሲል ሰሙ ዕድሜ፥ ወርቁ ሹመት ነው። ደግሞም ይህን አነጋገር ከነቢዩ ከኢሳይያስ ከሦስተኛው ምዕራፍ የቀዳው ስለ ሆነ፥ የተነሡት ሰዎች ሁሉ በዕድሜ ልጆች ነበሩ ብለን ልንቈርጥ አንችልም። በ47ኛው ምዕራፍ ሁከቱ የተነሣ ስለ አንድ ወይም ስለ ሁለት ሰዎች እንደ ሆነ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ የቆሮንቶስን ጠብ የወጣት ሁሉ ጦርነት በሽማግሌ ሁሉ ላይ አድርጎ የሚተረጕም ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሏል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር በአራተኛው ምዕራፍ አለ። ጸሓፊው የጠቡ ሥር ቅንዓት መሆኑን ለማስረዳት ከብሉይ ኪዳን ሰባት ምሳሌዎችን ያመጣል፦ ቃየልና አቤልን፥ ያዕቆብና ዔሳውን፥ ዮሴፍና ወንድሞቹን፥ ሙሴ ከፈርዖን መሸሹን፥ አሮንና ማርያም ከሰፈር መውጣታቸውን፥ ዳታንና አቤሮንን፥ በመጨረሻም ዳዊትና ሳኦልን። እነዚህን አንድ በአንድ ስንመረምር ቀናተኛው ማን ነው? ቃየል ከአቤል ይበልጣል፤ ዔሳው ከያዕቆብ ቀድሞ ተወልዷል፤ የዮሴፍ ወንድሞች ታላላቆቹ ናቸው፤ አሮንና ማርያም ከሙሴ አስቀድመው ተወለዱ፤ ሳኦል ዳዊት ገና ልጅ ሳለ ንጉሥ ነበር። እንግዲህ ወጣቶች በሽማግሌዎች ላይ መነሣታቸውን ለመውቀስ ከመጡት ሰባት ምስክሮች አምስቱ ታላቁ በታናሹ ላይ እንደ ቀና የሚናገሩ ናቸው!

ጸሓፊው ይህን ሳያስተውል ጻፈውን? ወይስ አስተውሎ፥ ለሽማግሌዎቹ በስውር የሚሰጥ ምክር አደረገው? ይህን እርሱ አልነገረንም። ምስክሮቹ ግን ቆመዋል፤ ፍርዳቸውም ግልጽ ነው። ቅንዓት ዕድሜ የለውም። ቃሉም ራሱ በግዕዝም በጽርእም ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ስለ እግዚአብሔር ቤት የሚቃጠል፥ ሁለተኛው በባልንጀራ ክብር የሚቃጠል ነው። ወጣቱ ስለ ራሱ ሲናገር የመጀመሪያውን ያነሣል፤ ሽማግሌው ስለ ወጣቱ ሲናገር ሁለተኛውን ያነሣል። ሽማግሌውም ሥርዓት ስለ መጠበቅ ሲናገር የመጀመሪያውን ይመካበታል፤ ወጣቱ ግን በሽማግሌው ላይ ሁለተኛውን ያያል። ሁለቱ የሚጣሉት በአንድ ቃል ነው፤ ማንም ግን ቃሉን በራሱ ላይ አይፈታውም።

እንግዲህ ወደ ጉድለቱ እንምጣ። መልእክቱ ረጅም ነው፤ ከጠቡም ብዙ ጊዜ ይርቃል። በእኛም ዘንድ በፊሳልጎስ የታወቀውን የፊንክስን ወፍ ታሪክ ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲል ያመጣዋል፤ ነገሩ ያማረ ነው፤ የቆሮንቶስን ሰዎች ለማስታረቅ ግን የሚረዳው ጥቂት ነው። ይህ ታናሽ ጉድለት ነው። ታላቁ ጉድለት ግን የወጣቶቹን ቃል አለማሰማቱ ነው። ስለ ምን እንደ ተነሡ፥ ምን እንደ ጠየቁ፥ ምን እንዳስከፋቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነገር አናገኝም። በ21ኛው ምዕራፍ ሽማግሌዎችን አክብሩ፥ ወጣቶችን በፈሪሃ እግዚአብሔር አስተምሩ የሚል ምክር አለ፤ ሽማግሌዎቹ ለወጣቶች ምን እንደሚገባቸው ግን አይናገርም። ከዚህ ጋር የቅዱስ ጴጥሮስን የመጀመሪያ መልእክት አምስተኛ ምዕራፍ ብናስተያይ ልዩነቱ ይታያል። ሐዋርያው በመንጋው ላይ እንዳይሠለጥኑና ስለ ጥቅም እንዳያገለግሉ አስቀድሞ ሽማግሌዎችን ያዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ወጣቶችን ይታዘዙ ዘንድ ይመክራል። ቀሌምንጦስ የመምህሩን ቅደም ተከተል ቢከተል ኖሮ መልእክቱ ይበልጥ በጠነከረ ነበር።

የሮብዓምንም ታሪክ ሳያነሣ ማለፉ ያስገርማል። ሽማግሌዎችና ወጣቶች በአንድ ጉባኤ ለሁለት ሲለያዩና መንግሥት ሲከፈል ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የለም። ያን ጊዜ የሽማግሌዎቹ ምክር የተሻለው ስለ ሽበታቸው አልነበረም፤ የሕዝቡን ቀንበር እንዲያቀልለት ንጉሡን ስለ መከሩት ነው። ከንጉሡ ጋር ያደጉት ወጣቶችም የሳቱት ስለ ልጅነታቸው ሳይሆን ቀንበሩን አክብድ ስላሉ ነው። ከዚህ የምንማረው የሽማግሌነት ምልክቱ ማቅለል እንደ ሆነ ነው። ቀንበር የሚያከብድ ሽማግሌ በምክሩ ከሮብዓም ባልንጀሮች ጋር ይቈጠራል።

ይሁን እንጂ ለጸሓፊው ፍርዱን በቅንነት ልንሰጠው ይገባል። በ44ኛው ምዕራፍ የተሻሩትን ቀሳውስት ሲከራከርላቸው ሹመታቸውን ብቻ አያነሣም። ከሐዋርያት ወይም ከእነርሱ በኋላ ከከበሩ ሰዎች እንደ ተሾሙ፥ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንደ ፈቀደች፥ ያለ ነቀፋም በትሕትና እንዳገለገሉ፥ ብዙዎችም ለረጅም ጊዜ እንደ መሰከሩላቸው አንድ በአንድ ይቈጥራል። እንግዲህ የሽማግሌው መከበሪያ አራት ምሰሶ አለው። ከእነዚህ ሦስቱን አፍርሶ ሹመቱን ብቻ ይዞ፥ ቀሌምንጦስ እንዲህ ብሏልና ዝም በሉ የሚል ቢኖር፥ መልእክቱ ለእርሱ ጠበቃ አይሆነውም።

የመልእክቱ ጫፍ 54ኛው ምዕራፍ ነው። ጸሓፊው ወታደር አይጠራም፥ ውግዘትም አያስቀድምም። በመካከላችሁ ክቡር፥ ርኅሩኅ፥ ፍቅርም የሞላበት ሰው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለው ሰው ሁከቱ በእኔ ምክንያት ከሆነ እኔ እሄዳለሁ፥ የክርስቶስ መንጋ ብቻ በሰላም ይኑር ብሎ በፈቃዱ እንዲለይ ይመክራል። ከዚያ አስቀድሞ ሙሴ ሕዝቡ ከሚጠፋ ስሙ ከመጽሐፍ እንዲደመሰስ መለመኑን፥ ከዚያም በኋላ ዮዲትና አስቴር ስለ ወገናቸው ራሳቸውን ለአደጋ መስጠታቸውን ያስታውሳል። ይህ ምክር የተነገረው ለሁከቱ መሪዎች ነው፤ ጥያቄው ግን ዕድሜ አይመርጥም። በእውነት ክቡር የሆነ ሰው ተራውን ሳይጠብቅ የሚመልሰው ጥያቄ ነው።

መልእክቱን ያደረሱት ሰዎችም ሊታሰቡ ይገባል። ከወጣትነታቸው እስከ ሽምግልናቸው ያለ ነቀፋ የኖሩ ናቸው ይላል። ስማቸውም ቀላውዴዎስ ኤፌቦስና ዋሌርዮስ ቢጦን ነው፤ ፈርዶናጥስም አብሯቸው ነበረ። ኤፌቦስ በጽርእ ጐልማሳ ልጅ ማለት ነው። ስሙ ወጣት፥ ዕድሜው ሽማግሌ የሆነ ሰው ወጣትና ሽማግሌን ለማስታረቅ ተላከ፤ ለባለ ቅኔ ከዚህ የሚሻል ምሥጢር ከወዴት ይገኛል?

ይህን ሁሉ የምንመረምረው ስለ ቆሮንቶስ ብቻ ብለን አይደለም። በየአጥቢያችን በሰንበት ትምህርት ቤት ያደጉ ልጆች ስለ ስብከትና ስለ አስተዳደር ይጠይቃሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉት አብያተ ክርስቲያኖቻችን የተወለዱት ደግሞ ቅዳሴውን በሚሰሙት ቋንቋ ይሻሉ፤ አባቶችም ግዕዙ እንዳይጠፋ ይፈራሉ። ፍርሃቱም እውነት ነው፥ ጥያቄውም እውነት ነው። ክፉው ነገር አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሰማ መፍረዱ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ ያቀናለታል እንጂ አፉን አይዘጋውም። ተማሪውም እርማቱን ተቀብሎ ይቀመጣል እንጂ የመምህሩን ወንበር አይገለብጥም። የዛሬው ተማሪ ነገ አስነጋሪ፥ ከነገ ወዲያም መምህር ይሆናል። ጉባኤው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው።

«አባት ሳለ አጊጥ፥ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ተረት ለልጅ የተነገረ ይመስላል፤ አባትንም ግን ይመለከታል። ልጅ የሚያጌጥበት አባት፥ ልጁ ሲቀርበው የሚያበራ እንጂ የሚያስደነግጥ አይደለምና። የቀሌምንጦስን መልእክት የሚያነብ ሽማግሌ አራተኛውን ምዕራፍ፥ የሚያነብ ወጣትም 54ኛውን ምዕራፍ ለራሱ ያንብብ፤ እርስ በርሳቸው ተለዋውጠው አንዱ በሌላው ላይ አያንብቡት። አምላከ አበው አባቶችን በትዕግሥት፥ ልጆችንም በትሕትና ያጽናልን።