ዳኛ የማይሻ ቅጽል

ተርጓሚን ሥራ የሚያስፈቱት ረጃጅሞቹ ቃላት አይደሉም። «ኮንስቲቲዩሽን» ቢመጣ ሕገ መንግሥት ብሎ ማለፍ ነው። አስቸጋሪው እንደ «ፌር» ያለው ባለ አንድ ትንፋሽ ቃል ነው። እንግሊዝኛው የልጅቱን መልክ፣ የዕለቱን አየር፣ የዳኛውን ውሳኔና የተማሪውን መካከለኛ ውጤት በዚችው ቃል ይገልጻል፤ አማርኛው በየቦታው ሌላ ቃል ይጠይቃል።

ቃሉ ሲነሣ ከፍርድ ጋር ዝምድና አልነበረውም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ያማረ፣ ለዓይን ደስ የሚል ማለት ነበር። የሥጋ ዘመዱ የሆነው የአይስላንድ ቃል ዛሬም ቆንጆ ማለት ነው። የጥንቱ የኖርዌይ ንጉሥ ሃራልድ በአገሩ ቋንቋ የተሰጠው ቅጽል ስም ፀጉሩ ያማረ እንደ ማለት ሲሆን እንግሊዞች «ፌርሄር» ብለው መለሱት። ይህን ያየ ተርጓሚ «ወርቃማ ፀጉሩ» ለማለት ይቸኩላል። «ፀጉረ መልካሙ» ቢባል ግን ለጥንቱ ስም የቀረበ ነው። ቃሉ ከመልክ ማማር ተነሥቶ ወደ ጠራ ሰማይ፣ ስርዝ ድልዝ ወደሌለበት ጽሑፍ፣ ከዚያም እንከን ወደማይወጣለት አሠራር ተሻገረ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ የቆዳና የፀጉር መንጣት መጠሪያም ሆነ።

ውበትና ንጣት በአንድ ቃል መታጎራቸው ለተርጓሚ ፈተና ነው። ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ»ን የሚያውቅ ሰው፣ በእንግሊዝኛው የቆዳ ቀለምና የምግባር ንጽሕና እንዴት በዚሁ ቃል እንደሚጋጩ ያውቃል። አማርኛ መልክን በሌላ መንገድ ይከፍላል፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ይላል። የእንግሊዝ ገጠር ልጅ «ቀይ» ከተባለች አንባቢው የሚያያት የሰፈሩን ልጅ ነው። ስለዚህ ደራሲው ውበቷን ሲያደንቅ «መልከ መልካም» እላለሁ፤ ቀለሙን ማለቱ ከሆነ ወደ ፀጉሯ ዞሬ «ነጣ ያለ» እላለሁ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ካለ አንዱን መተው ግድ ነው፤ የሚተወውም ለታሪኩ የማያስፈልገው ነው።

መልክ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ «ይህ ፌር አይደለም» የሚለው ነው። መዝገበ ቃላት «ፍትሃዊ» ይላል። ፍትሕ የመጣው ከግእዙ «ፈትሐ» ነው፤ ፈታ ማለት ነው፣ ፈረደ ማለትም ነው። የተቋጠረ ነገር አለ፣ የሚፈታው ዳኛ አለ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ተረታችንም ሰሚ ዳኛ ፈላጊ ነው። «ፍርደ ገምድል»፣ «አድልዎ»፣ «ግፍ» ሁሉም ከበላይ ወደ በታች የሚወርዱ ናቸው።

የእንግሊዝኛው «ፌር» ግን ዳኛ አይሻም። እኩያሞች በተስማሙበት ደንብ ሲጫወቱ፣ አጫዋቹ ባያይም እንኳ ኳሷን በእጁ የነካው ልጅ ራሱ ነክቻለሁ ሲል የሚነገር ቃል ነው። የቋንቋ ሊቋ አና ቪየርዝቢትስካ በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ሐሳብ የእንግሊዝኛ የብቻው እንደሆነና በሌሎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች አቻ እንደሌለው ይሞግታሉ። ጀርመኖች ቃሉን እንዳለ ወስደውታል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በ1958 ፍትሕን በዚህ ቃል ሲያብራራ የጀርመንኛው ትርጉም «ፌርነስ»ን ሳይነካ አስቀረው፤ ፈረንሳይኛው «ኤኪቴ» አለው። በአማርኛ ለፈረንሳይኛው የሚቀርበው «ርትዕ» ነው። ለሮልስ ያገለግላል፤ የስድስት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ግን አይገባም።

ቃሉ ገበያም ይወጣል፤ እዚያ ያለውን ትርጉም ቀረብ ብለን እንየው። በሱቅ በር ላይ «በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ርካሽ ነው ብሎ ይገባል፤ ቃሉ ለገዢ ያደላል። «ፌር ትሬድ» የሚባለው የንግድ ሥርዓት ደግሞ፣ እንደ ኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየን ያሉ የእኛም ማኅበራት የገቡበት፣ የተነሣው ለሻጩ ነው፤ የዓለም ገበያ ቢወድቅ እንኳ ገዢው የማይወርድበት ዝቅተኛ ዋጋ ይቆረጣል። እዚህ ላይ «ተመጣጣኝ ዋጋ» ብሎ የተረጎመ ሰው ነገሩን ገልብጦታል። «ፍትሃዊ ዋጋ» አያሳስትም፣ ግን ቢሮ ቢሮ ይሸታል። ቡና አምራቹ የሚጠይቀው «ያዋጣል ወይ?» ብሎ ነው፤ ስለዚህ «ለገበሬው የሚያዋጣ ዋጋ» ብዬ እጽፋለሁ።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አማርኛ የ«ፌር»ን ሐሳብ እንዳላጣው፣ በቅጽል ግን እንዳላስቀመጠው ነው። በግስና በስም ያኖረዋል። የእቁብ አባላት ዕጣ ሲያወጡ፣ የወንፈል ሰዎች ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ ብለው ሲያርሱ፣ ልጆች ተራ ሲጠብቁ ያለ ዳኛ የሚሠራ ደንብ አለ። ማናቸውም ግን «ፍትሃዊ ነው» አይሉም። «ተራዬ ነው»፣ «ድርሻዬ የታል?»፣ «ዕጣ ይጣል» ይላሉ። ታናሹ ትልቅ ቁራሽ ሲደርሰው ታላቁ «ለሱ ብቻ? እኔስ?» ይላል። «ይህ ፌር አይደለም» የሚለውን የለንደን ልጅ ቁጣ አማርኛ ውስጥ የማገኘው እዚች ጥያቄ ላይ ነው። እንዳለ «ፌር አይደለም» ብዬ ብተወው፣ አዲስ አበባ ላይ የሚባል ቢሆንም፣ ልጁን አንስቼ ቦሌ አስቀመጥኩት ማለት ነው።

በክርክር መካከል ባላጋራ «ፌር ኢናፍ» ሲልም ቅጽል አልፈልግም። ሙሉ በሙሉ ሳይረታ አንድ እርምጃ መሸሹ ነው፤ «እሱስ ልክ ነህ» ወይም «ይሁን እሺ» ይበቃዋል። ስተረጉም መጀመሪያ የምጠይቀው የቃሉን ትርጉም አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው፣ በመካከላቸው የበላይ አለ ወይ? የሚል ነው። የበላይ ካለ ፍትሕ፣ አድልዎና ግፍ ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል። ከሌለ ቅጽሉን ትቼ ተራውን፣ ድርሻውን፣ ዕጣውን እፈልጋለሁ።