ሕክምናው በየትኛው ቋንቋ ይሁን?

ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው በስትሮክ ምክንያት አንደበቱ ሲታሰር፣ ቤተሰቡ ከሐኪም ቤት ይዞት ከሚወጣው ምክር አንዱ «እንዳይምታታበት በአንድ ቋንቋ ብቻ አናግሩት» የሚለው ነው። ዋሺንግተን ከሆነ ያ ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ ቴል አቪቭ ከሆነ ዕብራይስጥ ይሆናል፤ ቴራፒስቱ የሚችለው ቋንቋ መሆኑ ነው ነገሩ። እንደ ንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ የማምነው፣ ይህ ምክር በማስረጃ የቆመ ሳይሆን የባለሙያው የቋንቋ እጥረት ለታካሚው መድኃኒት ሆኖ የታዘዘበት መሆኑን ነው። አፌዝያ የሚባለው ይህ የቋንቋ መታወክ የሰውየውን አስተዋይነት አይወስድም። አብዛኛውን ጊዜ በግራው የአንጎል ክፍል ላይ የሚደርስ ጉዳት ቃል የማውጣት፣ ዓረፍተ ነገር የማያያዝ፣ የሰሙትን የመረዳት፣ የማንበብና የመጻፍ ችሎታን ያውካል፤ የሚያውከውም በአብዛኛው ታካሚው ያለውን ቋንቋ ሁሉ ነው።

የትኛው ቋንቋ ቀድሞ ይመለሳል ለሚለው ጥያቄ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሁለት ፈረንሳውያን ደንብ ሊያወጡለት ሞክረው ነበር። ቴኦዱል ሪቦ በልጅነት የተለመደው ይቀድማል አለ፤ አልበር ፒትር ደግሞ በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የለም፣ የሚቀድመው ከሕመሙ በፊት ይበልጥ የተዘወተረው ነው ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ደንቦች አልጸኑም። የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ሚሼል ፓራዲ በ1977 የተመዘገቡ ታሪኮችን ሲመድብ፣ ቋንቋዎቹ አብረው የተመለሱላቸው፣ ተራ በተራ የተመለሱላቸው፣ አንዱ ሲያገግም ሌላው የደከመባቸውም ተገኙ። ከሁሉ የሚገርመው በ1982 ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው ነው። ሞሮኮ ውስጥ ትኖር የነበረች ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ መነኩሲት፣ አንድ ቀን ዓረብኛው ሲቀናት ፈረንሳይኛው ያቅታታል፤ ሌላ ቀን ነገሩ ይገለበጣል። ይባስ ብሎ፣ በራሷ መናገር ወዳቃታት ቋንቋ መተርጎም ትችል ነበር። ቋንቋው ጨርሶ ጠፍቶ ቢሆን ይህ ባልሆነ። የታወከው አንዱን ቋንቋ ጠርቶ ሌላውን ገታ የሚያደርገው ሥራ ነው። እንግዲህ አንድ ታካሚ ዛሬ በአማርኛ ዝም ስላለ አማርኛው ሄዷል ማለት አይቻልም፤ ሁለቱም ቋንቋዎች፣ ያውም በተለያየ ቀን፣ መመርመር አለባቸው።

ምርመራው ደግሞ የእንግሊዝኛውን ፈተና መተርጎም አይደለም። ቦስተን ውስጥ የተዘጋጀው ታዋቂው የሥዕል መጠሪያ ፈተና ቢቨር የሚባለውን እንስሳና ፕሬትዝል የሚባለውን ምግብ ያሳያል። እነዚህን መጥራት ያልቻለ የደሴ ሰው አፌዝያው በረታበት ተብሎ ሊመዘገብ ነው! ፓራዲ በ1987 ያወጣው የሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች የአፌዝያ ፈተና ለየቋንቋው እንደገና የሚበጀው ለዚህ ነው። የአማርኛ ፈተና የሚያዘጋጅ ሰው ታካሚው «ጠራ»ን ከ«ተራ» መለየቱን፣ የጠበቀውን «አለ» ከላላው መለየቱን መፈተን ይኖርበታል፤ ከእንግሊዝኛው ተተርጉሞ የሚመጣ ነገር አይደለም።

«ጊዜው አጭር ነው፤ በአንዱ ብንሠራ ለሌላው ይተርፋል» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ቃል ለጠፋበት ሰው ከሚሰጡት ልምምዶች አንዱ የነገሩን ጠባይ ማስቆጠር ነው፦ ጀበና ከምን ይሠራል፣ ለምን ይጠቅማል፣ ከምን ጋር ይቀርባል? ይህ ዕውቀት የሁለቱም ቋንቋ የጋራ ስለሆነ በአንዱ የተነካካው ሌላውን ሊቀሰቅስ ይችላል። ሊሳ ኤድመንድስና ስዋቲ ኪራን በ2006 ስፓኒሽና እንግሊዝኛ በሚናገሩ ሦስት ሰዎች ላይ ሲሞክሩት ግን ጥቅሙ ወደ ሁሉም አቅጣጫ አልሄደም። እንግሊዝኛቸው የሚበረታው ሁለቱ በደካማው ስፓኒሽ ሲለማመዱ እንግሊዝኛቸውም ተሻሻለ፤ በብርቱው ሲለማመዱ ለስፓኒሹ አልተረፈም። ሦስት ሰው ጥቂት ነው፤ ሕግ አላወጣበትም። ነገር ግን ኪራንና ባልደረቦቿ በ2013 ብዙ ታካሚዎችን ይዘው ሲያጠኑም ጥቅሙ ወደ ሌላው ቋንቋ የተሻገረው ለሁሉም አልነበረም። ሰዋስው ሲሆን ደግሞ ተስፋዬ ያነሰ ነው። «አልነገረችንም» በሚል አንድ ቃል ውስጥ አድራጊውን፣ ተቀባዩን፣ ጊዜውንና አሉታውን የሚያጭቅ ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ የቃላት ቅደም ተከተል ልምምድ ይጠገናል ብዬ አልጠብቅም። የሚፈለገው ቋንቋ በራሱ መሠራት አለበት። አንዱን ሲያበረቱ ሌላው የደከመባቸው ታካሚዎች መመዝገባቸውም እውነት ነው፤ ይህ ግን ሁለቱንም ዘወትር ለመለካት ምክንያት ይሆናል እንጂ አንዱን ለመጣል አይሆንም።

የመምታታቱ ስጋት የቀረው ክርክር ነው። እነ ፋብሮ በ2000 ፍሪዩልኛና ጣልያንኛ የሚናገር አንድ ጣልያናዊ ታካሚን ገልጸዋል። ሰውየው ቋንቋ መለዋወጡን ማቆም አልቻለም፤ አድማጩ እንደማይረዳው እያወቀ እንኳ ይለዋውጥ ነበር። ሕመሙ እሱ ነው፤ መነሻውም ንግግርን የሚቆጣጠረው የፊተኛው አንጎል ክፍል ጉዳት ነበር እንጂ ቤተሰቡ በሁለት ቋንቋ ስላነጋገረው አልነበረም። ከሕመሙ በፊት «መኪናውን ፓርክ አድርጌ መጣሁ» ይል የነበረ ሰው ዛሬም ለሚረዳው ልጁ እንዲሁ ቢል ጤነኛ ንግግሩን ነው የቀጠለው። ቃል ሲጠፋበት ከሌላው ቋንቋ ተውሶ ሐሳቡን ካደረሰ ደግሞ ልናደንቀው ይገባል፤ ማረም ስህተት ነው።

ቋንቋውን የማይችል ቴራፒስት ምን ያድርግ? በአስተርጓሚ ይሥራ፤ ግን አስተርጓሚውን አስቀድሞ ያሠልጥነው። የተሰባበረውን ንግግር አቃንቶ የሚተረጉም አስተርጓሚ ምርመራውን ያበላሻል፤ ሊነግረን የሚገባው ታካሚው ምን ማለት እንደፈለገ ብቻ ሳይሆን በትክክል ምን እንዳለ ነው። ቤተሰብም የሚያግዘው አለ። «ምን ቋንቋ ይናገራል?» ተብላችሁ ስትጠየቁ የቋንቋውን ስም ብቻ ጠርታችሁ አታብቁ። ከማን ጋር በምን ያወራ እንደነበር፣ በምን ያነብና በምን ይጸልይ እንደነበር፣ የትኛውን መቼ እንደለመደው አስጽፉ። ሕክምናው በሌላ ቋንቋ ቢሆንም እንኳ፣ ቤት ውስጥ ታወሩበት በነበረው ቋንቋ ማናገራችሁን አታቋርጡ።