«በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ተጫወቱ» የሚለው ጌም የደበቀው ቅደም ተከተል

ፖኬሞን ተጫውታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የተለያዩ ፍጡራንን ትይዛላችሁ፣ ታሳድጋላችሁ፣ ከዚያ በየከተማው ከሚጠብቋችሁ ጠንካራ ተጋጣሚዎች ጋር ትፋለማላችሁ። ተጫዋቾች እነዚህን ተጋጣሚዎች «ቦስ» ይሏቸዋል። በፖኬሞን ውስጥ ዋናዎቹ ቦሶች የጂም መሪዎች ናቸው፤ አንዱን ባሸነፋችሁ ቁጥር አንድ ባጅ ታገኛላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት ፖኬሞን ስካርሌት እና ቫዮሌት ትልቅ ተስፋ ይዘው ነው የመጡት። ዓለሙ ክፍት ነው፣ 8ቱን መሪዎች በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ግጠሙ አሉን። ጌሙን እወደዋለሁ። ግን ተስፋው የተፈጸመው በግማሽ ብቻ ነው ባይ ነኝ። እስቲ በቁጥር እንየው።

ሌቨል ለምን ይህን ያህል ወሳኝ ሆነ?

ፖኬሞን የጥቃትን ጉዳት ሲያሰላ የአጥቂውን ሌቨል በ2 ያባዛል፣ ለ5 ያካፍላል፣ ከዚያ 2 ይደምርበታል። በሌቨል 15 ይህ ቁጥር 8 ነው። በሌቨል 48 ደግሞ 21.2 ይሆናል። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ሁለተኛው ወደ 2.65 እጥፍ ገደማ ይመታል ማለት ነው። በዚያ ላይ የማጥቃትና የመከላከል አቅሙም አብሮ ያድጋል።

ሌቨል መጨመርም በነፃ አይገኝም። ለብዙዎቹ ፖኬሞኖች የሚያስፈልገው ጠቅላላ የልምድ ነጥብ ሌቨሉ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው፦ ለሌቨል 15 ነጥቡ 3,375፣ ለሌቨል 48 ደግሞ 110,592። ስለዚህ «ማንን መጀመሪያ ልግጠም?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ድሮ እንዴት ይሠሩት ነበር?

እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ በወጣው የመጀመሪያው ጌም ውስጥ የመጀመሪያው መሪ ብሮክ ነው። የእሱ ፖኬሞኖች የድንጋይም የመሬትም ዓይነት ናቸው። ቡልባሶርን ወይም ስኩዊርትልን ይዛችሁ ከጀመራችሁ፣ የቅጠል ወይም የውሃ ጥቃታችሁ 4 እጥፍ ይመታል። ቻርማንደርን ከመረጣችሁ ግን የእሳት ጥቃታችሁ በግማሽ ይቀንሳል። ማንም ሳይነግራችሁ የመጀመሪያ ፖኬሞናችሁን ስትመርጡ የጌሙን ክብደትም መርጣችኋል!

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሎው ችግሩን አባሰው። መነሻችሁ ፒካቹ ነው፣ የኤሌክትሪክ ጥቃት ደግሞ የመሬት ዓይነትን ጭራሽ አይነካውም፤ ጉዳቱ ዜሮ። ታዲያ ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? የትግል ዓይነት የሆነውን ማንኪን ከብሮክ ከተማ በፊት የሚገኝበት ቦታ አስቀመጡልን። ኒዶራንም ድንጋይን በደንብ የሚመታውን የእርግጫ ጥቃት በሌቨል 12 እንዲማር አደረጉ። ግድግዳውን አላፈረሱትም፤ መሰላሉን አጠገቡ አቆሙት። ጥሩ ዲዛይን የምለው ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጡት ጎልድ እና ሲልቨርም ያው ነው። ሦስተኛዋ መሪ ዊትኒ ብዙ ልጅ ያስለቀሰች ናት። ሚልታንክ የተባለችው ላሟ የምትጠቀመው የመንከባለል ጥቃት በተከታታይ ከተሳካ ኃይሉ ከ30 ወደ 60፣ 120፣ 240፣ በመጨረሻም 480 ይደርሳል። ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ድራውዚን ተቀብሎ ማቾፕን የሚሰጣችሁ ሰው አለ። የማቾፕ የትግል ዓይነት ደግሞ የሚልታንክ ድክመት ነው። መልሱ ከጥያቄው አጠገብ ተቀምጧል።

እዚያው ጌም ውስጥ ከአራተኛው ባጅ በኋላ የተወሰነ ነፃነት ይመጣል። የጃስሚን ስቲሊክስ ሌቨል 35 ነው፤ ሰባተኛ ተብሎ የሚቆጠረው የፕራይስ ጠንካራው ፖኬሞን ግን 31 ነው። ሌቨሎቹ ተቀራራቢ ስለሆኑ የትኛውንም ብታስቀድሙ ያስኬዳል። ዋጋው ምንድን ነው? አቀበቱ ሜዳ ሆነ፤ ፕራይስ ጋ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው እምብዛም አይፈተንም።

አዲሱ ጌም የት ሳተ?

ወደ ስካርሌት እና ቫዮሌት እንመለስ። የ8ቱ መሪዎች ከፍተኛ ሌቨል እንዲህ ነው፦ 15፣ 17፣ 24፣ 30፣ 36፣ 42፣ 45፣ 48። እነዚህ ቁጥሮች እናንተ ስንት ባጅ ብትይዙ አይለወጡም። እና ይህ መሰላል ነው፣ አይደል? ቅደም ተከተሉ አለ፤ የተለየው ነገር በግልጽ አለመጻፉ ብቻ ነው።

መጀመሪያው ላይ ያምራል። በምዕራብ ኬቲ ሌቨል 15፣ በምሥራቅ ብራሲየስ ሌቨል 17 ይዘው ይጠብቃሉ። የ2 ሌቨል ልዩነት ምንም አይደለም፤ ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ምሥራቁ ደስ ብሏችሁ እዚያው ከቆያችሁና ሌቨል 30 ደርሳችሁ ወደ ኬቲ ብትመለሱ፣ ውጊያው ሳይጀመር አልቋል። በቃ፣ 8ኛ ክፍል ተቀምጦ የ2ኛ ክፍል ፈተና እንደመፈተን ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በየፖኬሞን ማዕከሉ ያለችው ነርስ ብትጠየቅ ቀጥሎ ወዴት መሄድ እንደሚሻል ትጠቁማለች። ግን ጌሙ ራሱ ትክክለኛ መንገድ ካለው፣ ነፃነቱ የቱ ጋ ነው?

ይበልጥ የሚገርመኝ የባጁ ሒሳብ ነው። ያለ ባጅ በእርግጠኝነት የሚታዘዛችሁ እስከ ሌቨል 20 ድረስ የያዛችሁት ፖኬሞን ነው፤ አንድ ባጅ ስታገኙ ጣሪያው 25 ይሆናል። ሌቨል 48 ያለውን ግሩሻን መጀመሪያ ብታሸንፉም ጣሪያው 25 ነው፤ ኬቲን ብታሸንፉም 25። ሽልማቱ የሚቆጥረው የባጅ ብዛት ነው፣ ፈተናው ግን ማንነትን ያያል። አንድ ሥርዓት በሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ሲመራ ውጤቱ መጋጨቱ አይቀርም።

ማስተካከያ የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በብላክ እና ዋይት የገባ ዘዴ አለ፦ ሌቨሉ ዝቅ ያለ አሸናፊ ብዙ ልምድ ያገኛል፣ ከፍ ያለው ትንሽ። ኢንጂነሮች ይህን አሉታዊ ግብረ መልስ እንለዋለን፤ ፍሪጅ ሲሞቅ ሞተሩ እንደሚነሳ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚጠፋ ማለት ነው። ግን የሚሠራው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ወደኋላ የቀረውን ተጫዋች ይረዳል፤ የደከመውን ቦስ አያጠነክርም።

ምን ቢያደርጉ ይሻል ነበር?

«ሁሉም ነገር ከተጫዋቹ እኩል ይደግ» ማለት መፍትሔ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኦብሊቪየን ያንን ሞክሮ፣ ተራ ሽፍቶች እንኳ ውድ የጦር ልብስ ለብሰው መንገድ ላይ ይጠብቁን ጀመር። ሁሉም አብሮ ካደገ ማደጋችን አይታወቅም።

ስለዚህ የዱር ፖኬሞኖች እንዳሉ ይቆዩ፤ 8ቱ መሪዎች ብቻ በባጃችሁ ብዛት ቡድናቸውን ይቀይሩ። «ለመፈተሽ ይከብዳል» የሚል ካለ እንቁጠረው። 8 መሪዎችን የመደርደሪያ መንገዶች 40,320 ናቸው፤ ያስፈራል። ነገር ግን የመሪው ጥንካሬ በባጅ ብዛት ብቻ ከተወሰነ፣ መዘጋጀት ያለባቸው ቡድኖች 8 ጊዜ 8፣ ማለትም 64 ናቸው። ይህ ከባድ ሥራ ነው፣ የማይቻል ግን አይደለም።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? አንድ የ10 ዓመት ልጅ «ወደፈለግህበት ሂድ» ተብሎ ሄዶ በአንድ ምት ሲሸነፍ፣ ጥፋቱን የሚያየው በጌሙ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ነው፤ «እኔ አልችልም» ይላል። ሌላዋ ደግሞ ያለምንም ትግል ባጅ ትቀበልና ያሸነፈች አይመስላትም። ሁለቱም የተበላሸባቸው በሰንጠረዥ ላይ በተጻፉ 8 ቁጥሮች ነው።

እናንተም ሞክሩት። የምትወዱትን ጌም ቦሶች በየተራ ጻፉ፣ ሌቨላቸውን ወይም ጉልበታቸውን በግራፍ ሳሉ። መስመሩ በድንገት የሚዘልበትን ወይም የሚወርድበትን ቦታ ፈልጉና ጠይቁ፦ እዚያ አጠገብ መሰላል አለ ወይስ የለም?