ሁለተኛው ዓመት

የኮልዬይታ ጠርሙስ ሲያነሡ ሰዎች ቀድመው የሚያዩት በትልቁ የተጻፈውን፣ ወይኑ የተለቀመበትን ዓመት ነው። እኔ የምፈልገው ከበርሜል ወጥቶ የታሸገበትን ዓመት ነው። የመጀመሪያው የዝናቡና የፀሐዩ ነው። እኛ ከፖርቶ ማዶ፣ ቪላ ኖቫ ዴ ጋያ በርሜል ቤት የምንሠራው ሥራ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ኮልዬይታ የአንድ ዓመት አዝመራ ብቻ የሆነ ፖርት፣ ማለትም አረቄ የተጨመረበት የፖርቱጋል ጣፋጭ ወይን ነው። ወይኑ በዶውሮ ሸለቆ፣ ሺስት በሚባለው ንብርብር ድንጋይ እርከኖች ላይ ይበቅላል። ጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን እንደፈላ፣ ስኳሩ ሳያልቅ፣ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨመርበታል። መፍላቱ ይቆማል፣ ጣፋጩ ይቀራል፤ መጠጡም 20 በመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል። ቪንቴጅ የሚባለው ፖርት ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ይታሸግና በጠርሙስ ውስጥ ያረጃል። ኮልዬይታ ግን በሕግ ቢያንስ 7 ዓመት ከእንጨት አይወጣም፤ ከ30 ዓመት በላይ የሚቆይም አለ።

በርሜሎቻችን ያረጁ ናቸው፤ አዲስ እንጨት አንወድም። አዲስ ኦክ የራሱን ሽታ ወይኑ ላይ ይጭናል። ያረጀው የሚሰጠው አየር ብቻ ነው፣ እሱንም በጥቂት በጥቂቱ። በአየሩ ቀዩ ቀለም ወደ ሸክላ፣ ከዚያም ወደ ማር መልክ ይለወጣል፤ በጣም ሲያረጅ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ያበራል። በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ይተናል። በዚህ ስሌት በ40 ዓመት ከግማሽ በላይ ይጠፋል ማለት ነው። ስኳሩ ስለማይተን የተረፈው እየወፈረ ይሄዳል።

የ20 ዓመት ተብሎ የሚሸጠውን፣ ከተለያዩ ዓመታት ወይን የሚቀላቀለውን ቶውኒ ፖርት የሚያዘጋጅ ባለሙያ አሮጌውን በወጣቱ ያድሳል፣ የሳሳውን በወፍራሙ ይሞላል። ትልቅ ጥበብ ነው፣ አከብረዋለሁ። ኮልዬይታ ላይ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። የጎደለውን በርሜል የምንሞላው ከዚያው ዓመት ወይን ብቻ ነው። አተላውን ለይተን ወይኑን ስናገላብጥ የአንድ ዓመት በርሜሎች እንኳ እንደማይመሳሰሉ እናያለን፤ አንዱ ቶሎ ይደርቃል፣ ሌላው ለስላሳነቱን ይዞ ይቆያል። የዓመቱን ድክመት የምንሸፍንበት ነገር የለንም።

ስለዚህ በእጃችን የቀረው ውሳኔ መቼ እንደሚበቃው ማወቅ ነው። ስቀምስ ዋልነት፣ የደረቀ በለስ፣ የብርቱካን ልጣጭ እፈልጋለሁ። ከዚያ በአፍንጫዬ ቫርኒሽ የሚመስለውን ሽታ እከታተላለሁ። ጥቂቱ መዓዛውን ያነሣዋል፤ ሲበዛ ግን ሁሉን ይውጣል። ወይኑ ከብዶ ምላስ ላይ መጣበቅ ከጀመረ፣ ኮምጣጣነቱም ካልደገፈው፣ ከዚያ በኋላ መጠበቅ ማባከን ነው። ዕድሜ በራሱ ክብር ነው የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። በ12 ዓመቱ ያማረ ወይን 40 እንዲሞላ ብቻ ተብሎ ሲቆይ ያንገበግበኛል።

ቦታውም ድርሻ አለው። ጋያ ከአትላንቲክ የሚመጣ እርጥበትና ቅዝቃዜ ስላለው ወይኑ በዝግታ ያረጃል፤ በሞቃቱ የዶውሮ ሸለቆ ይፈጥናል፣ የተቃጠለ ስኳር ጣዕምም ሊይዝ ይችላል። እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ ውጭ የሚላክ ፖርት በጋያ በኩል እንዲያልፍ ሕጉ ያስገድድ ነበር። ዛሬ እዚያው ሸለቆው ውስጥ የሚያስረጁ ብዙ ናቸው።

ከታሸገ በኋላ ለውጡ በጣም ይዘገያል። አንድን አዝመራ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አናሽግም። ስለዚህ የ1994 አዝመራ በ2004 የታሸገውና በ2024 የታሸገው ሁለት የተለያዩ መጠጦች ናቸው፤ አንዱ የፍሬ ጣዕሙን ይዟል፣ ሌላው ወደ ለውዝና ወደ ማር አልፏል። ስትገዙ የታሸገበትን ዓመት ከጠርሙሱ ጀርባ ፈልጉ፣ ካላገኛችሁት ሻጩን ጠይቁ። ቀዝቀዝ አድርጋችሁ፣ 14 ዲግሪ ገደማ ላይ ቅዱት። አየር የለመደ ወይን ስለሆነ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ብታስገቡት ለሳምንታት አይበላሽም።