ጭንቅላቱን የደገፈው ሚኒስትር

ማድሪድ ውስጥ ባለው የፕራዶ ሙዚየም፣ አንድ የስፔን ሚኒስትር ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ተክሎ፣ ጭንቅላቱን በእጁ ደግፎ ተቀምጧል። ጋስፓር ሜልቾር ዴ ሆቬያኖስ ይባላል። ፍራንሲስኮ ጎያ በዘይት ቀለም የሣለው እ.ኤ.አ. በ1798፣ የፍትሕ ሚኒስትር በነበረበት ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን ባለሥልጣን የሚሣለው ደረቱን ነፍቶ ነበር። ራሱ ጎያ በ1783 የንጉሡን ዋና ሚኒስትር ፍሎሪዳብላንካን ሲሥል ደማቅ ቀይ አልብሶ መሀል ላይ ገትሮታል፤ ራሱን ደግሞ ሸራ ይዞ ከጎኑ ደጅ ሲጠና አሳይቷል። ሰዓቱ፣ ካርታው፣ የንጉሡ ምስል፣ ምኑ ቅጡ! የተለፋበት መሆኑ ያስታውቃል፤ ጉድለቱም እሱ ነው።

ሆቬያኖስ ላይ ልፋቱ አይታይም። ዊግ የለም፤ ኒሻን የለም። ነጩን የሐር ካልሲ ልብ ብላችሁ እዩት፦ እግሩ በተነባበረበት ቦታ ጥላውን የሠራው ሳሳ ያለ ግራጫ ቀለም ነው፤ ከሥሩ ግን ባት እንዳለ፣ አጥንት እንዳለ ይታወቃል። የጫማው ዘለበት ደግሞ ወፈር ባለ ቀለም ጠብ ጠብ ተደርጎ ታልፏል። ጎያ ብሩሹን ያዘገየው ፊቱ ላይ ነው። የዓይኑ ቆብ ከብዷል፤ አፉ ግን አልላላም። ሰውየው በወጣትነቱ ሴቪያ ላይ ዳኛ ነበር፤ አሁንም ረጅም ክርክር ሰምቶ ፍርዱን እንዳልጨረሰ ዳኛ ይመስላል። በሌላኛው እጁ ልል አድርጎ የያዛት ወረቀት ላይ የባለምስሉም የሣዩም ስም ተጽፏል። በ1783 ደጅ ጠኚ የነበረው ሠዓሊ እዚህ ስሙን ከሚኒስትሩ እጅ ላይ አኑሮታል።

ከጠረጴዛው በስተኋላ የቆመችውን የሚኔርቫን ሐውልት መጀመሪያ አልወደድኳትም። የጥበብ አምላክ ከሹም ራስጌ ማቆም ያረጀ ውዳሴ ነው። ግን ጎያ ጥላ ውስጥ አስገብቷታል፤ የዘረጋችው እጅም ሥራ አለው። ዓይናችን እሱን ይዞ ወደ ጎበጠው ራስ ይወርዳል፣ ከዚያ በክንዱ አድርጎ የወረቀቱ ክምር ላይ ያርፋል። እሷ ብትነሳ ጠረጴዛው ያለበት ወገን በሙሉ ጨለማ ብቻ ይሆን ነበር።