የ«ኢያ» ስፌት

ስፓኒሽ ግሶቹን መድረሻቸውን አይቶ በሦስት ቤት ያኖራቸዋል፦ በ«አር»፣ በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁ። ቀተለ ቤት፣ ቀደሰ ቤት እያለ ላደገ የግዕዝ ተማሪ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጣጣው ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መድረሻው ተቆርጦ ለየቤቱ የተለየ ጭራ ይቀጠላል። «ቢሆን ኖሮ» የሚባልበት ቦታ ሲደረስ ግን መቀሱ ይቀመጣል።

«አብላር» መናገር ነው፣ «ኮሜር» መብላት፣ «ቢቢር» መኖር። አንዳቸውም ሳይነኩ «ኢያ» ይጨመርባቸዋል፦ አብላሪያ፣ ኮሜሪያ፣ ቢቢሪያ። ለአንተ «ኢያስ»፣ ለእኛ «ኢያሞስ»፣ ለእነሱ «ኢያን»። ሦስቱም ቤት ያንኑ ጭራ ይጋራል፤ በየትኛውም መደብ ድምፁ የሚጠነክረው «ኢ» ላይ ነው።

ይህ ጭራ ግን ጭራ ሆኖ አልተወለደም። ረዳት ግስ ነበር፤ «አቢያ» የሚባለው፣ የ«አቤር» ኃላፊ ጊዜ፣ ተሸርፎ የቀረ። አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፍ ይህን ስፌት ለይቶታል። በጥንቱ ስፓኒሽ ገና ክፍት ስለነበር ተሳቢው መሃል ይገባ ነበር፦ አብላር፣ ቴ፣ ኢያ። ዛሬ ተዘግቶ «ቴ አብላሪያ» ሆኗል።

ከ1969 እና 1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ውስጥ፣ ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ላይ ተምረዋል። ከመካከላቸው በአማርኛ አፋቸውን የፈቱት ይህንን ስፌት ከአገር ቤት ይዘውት ነው የሄዱት። «እነግርሃለሁ» ሲፈታ እነግር፣ ህ፣ አለሁ ነው፤ ተሳቢው እስከ ዛሬ በግሱና በረዳቱ መሃል ተቀምጧል።

«ብትጠብቀኝ ሀና ማርያም ድረስ እሸኝህ ነበር» ስንል ደግሞ አሠራሩ ይገለበጣል። እኛ «ነበር»ን እንዳለ አቁመን መደቡን የምናሳየው ከፊት፣ ግሱ ላይ ነው፦ እሸኝህ ነበር፣ ትሸኝህ ነበር። ስፓኒሽ ግሱን አቁሞ ጭራውን ያንቀሳቅሳል፦ አኮምፓኛሪያ፣ አኮምፓኛሪያሞስ። (ሌላው አገር የሚንገዳገድባት «ኛ» ለእኛ የቤት ልጅ ናት።) አንድ እንከን ግን አለው። «አኮምፓኛሪያ» ሲባል የምሸኘው እኔ ልሁን እሷ ቃሉ አይለይም፤ ከነገሩ ካልታወቀ «ዮ» ወይም «ኤያ» ይታከልበታል። አማርኛ ይህን በ«እ» እና በ«ት» ገና ከመነሻው ጨርሶታል።