የበላዔ ሰብእ እንግዶች

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ከዐውደ ምሕረቱ መነሳቱ አይቀርም። ኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፦ 78 ሰው የበላ ሰው፣ በውኃ ጥም የተቃጠለ ድሃ፣ በእመቤታችን ስም የተሰጠች አንዲት ጥርኝ ውኃ፣ መጨረሻ ላይ ሚዛን። በአንድ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ጥርኟ ውኃ። ውኃዋ መዘነች፤ ሰውየው ተማረ።

የምንከራከረውም ሚዛኑ ላይ ነው። ኦርቶዶክሱ የምሕረትን ስፋትና የቃል ኪዳኑን ጽናት ያይበታል። ፕሮቴስታንት ጓደኛው ደግሞ «እና 78 ሰው በልቶ በውኃ ዳነ?» ብሎ ይገረማል። ስልካችን ላይ ይህ ክርክር ስንት ጊዜ ተመላለሰ! ሁለቱም ወገኖች ግን የሚሟገቱት በታሪኩ ማብቂያ ነው። መጀመሪያውን እንደ መንደርደሪያ ቆጥረን እናልፈዋለን። በእኔ ንባብ ግን ታሪኩ ስለ ፈተና የሚነግረን ትልቁ ነገር ያለው እዚያው ያለፍነው ቦታ ላይ ነው።

ሰውየው ሰው በላ ሆኖ አልተወለደም። በስብከት እንደሚተረከው ቅምር በምትባል አገር የሚኖር ደግ ሰው ነበር፤ እንደ አብርሃም እንግዳ መቀበል የሚወድ። ሰይጣን በዚህ ደግነቱ ቀና። በሥላሴ አምሳል፣ ሦስት እንግዶች መስሎ ቤቱ መጣ። ሰውየው በደስታ ተቀበላቸውና ፍሪዳ ላርድላችሁ አለ። አይ፣ የምትወደን ከሆነ ልጅህን እረድልን አሉት። አረደ። አዘጋጅቶ ሲያቀርብላቸው ደግሞ መጀመሪያ አንተ ቅመስልን አሉት። ቀመሰ። እንግዶቹ ተሰወሩ፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ ምግብ አልጥመው አለ። ቤተሰቡን ጨምሮ ያገኘውን ሰው ይበላ ጀመር።

እንግዲህ ይህን ክፍል ከኦሪት ዘፍጥረት ጎን አስቀምጡትና አንብቡት። በምዕራፍ 18 ሦስት እንግዶች ወደ አብርሃም ድንኳን ይመጣሉ፤ ጥጃ ያርድላቸዋል፣ ይበላሉ፣ ሣራ ልጅ እንደምትወልድ ይነግሩታል። በምዕራፍ 22 ደግሞ አብርሃም ያንኑ ልጅ እንዲሠዋ ይታዘዛል፤ ቢላዋውን ሲያነሳ ከሰማይ ድምፅ ያስቆመዋል፣ በልጁ ፈንታ በግ ይሠዋል። የቅምሩ ፈታኝ ያደረገው ሁለቱን ምዕራፎች መቀላቀል ነው። እንግድነቱን ከ18፣ ትእዛዙን ከ22 ወሰደ። ከሁለቱም ግን ዋናውን ነገር አወጣ፦ ከመጀመሪያው ስጦታውን፣ ከሁለተኛው የሚያስቆመውን ድምፅ።

ልዩነቱን በአንድ መስመር ማስቀመጥ ይቻላል። የአብርሃም እንግዶች የቀረበላቸውን በልተው ልጅ ሰጡ። የቅምሩ እንግዶች የቀረበላቸውን ንቀው ልጅ ወሰዱ። ሰውየው መልካቸውን እንጂ የሚጠይቁትን አላየም። መልካቸው ደግሞ ልክ ነበር።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ይህ ክፍል ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሰው አንድን ሲስተም ሰብሮ ገባ ሲባል ብዙ ጊዜ ምንም የተሰበረ ነገር የለም፤ በሩን የከፈተለት ሰው አለ። «ከባንክ ነው የምንደውለው» የሚለው ድምፅ ጨዋ ነው፣ ስምህን ያውቃል፣ ሊረዳህ ነው የደወለው። የይለፍ ቃልህን የምትነግረው መጥፎ ሰው ስለሆንክ ሳይሆን ተባባሪ ሰው ስለሆንክ ነው። አጭበርባሪ የሚገባው በጠባይህ በር ነው። የበላዔ ሰብእ ጠባይ እንግዳ መቀበል ነበር፤ ፈታኙም እንግዳ ሆኖ መጣ። ስካር ወይም ዝሙት ይዞበት ቢመጣ ኖሮ ምናልባት ከደጅ ይመልሰው ነበር።

ዐቢይ ጾምን በምንጾምበት ሰሞን የምናስበው የገዳመ ቆሮንቶስ ፈተናም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሦስቱን ፈተናዎች ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ብላ ታስተምራለች፤ ጌታም በትዕግሥት፣ በትሕትናና ንዋይን በመናቅ ድል እንዳደረጋቸው። ማቴዎስ ምዕራፍ 4ን ቀስ ብሎ ለሚያነብ ግን ሌላም ነገር ይታየዋል። ለአርባ ቀን ጾመኛ የቀረበለት የመጀመሪያው ነገር ዳቦ ነው። ዳቦ ኃጢአት ነው እንዴ? ሁለተኛው ላይ ፈታኙ ከመዝሙረ ዳዊት እየጠቀሰ ይናገራል። ማለትም ከመጽሐፍ ቅዱስ። ጌታ ሦስቱንም ጊዜ የመለሰው ከኦሪት ዘዳግም ነው። ጥቅስ ለብቻው አልበቃም፤ ጥቅሱ ለምን እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚገፋ ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

ስለ ፈተና የዛሬ ወጣት የሚሰማው ምክር ግን ሌላ ነው። ጠንክር፣ ራስህን ግዛ፣ ቆራጥ ሁን። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው አነቃቂ ንግግርም፣ አንዳንዱ ስብከትም ፈተናን የጡንቻ ጉዳይ ያደርገዋል፤ የወደቀ ሁሉ ጡንቻው የሰነፈ ነው። የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይህን ምክር ከሥሩ ይነቅለዋል። እስቲ አስቡት፤ አምላኬ ነው ባለው አካል ትእዛዝ ልጁን ማረድ የቻለ ሰው ፈቃደ ደካማ ነው? እንደ እሱ ቆራጥ የለም። የጎደለው ቆራጥነት አልነበረም። «ጠንክር» የሚለው ምክር ቢደርሰው ኖሮ ቢላዋውን ይበልጥ አጥብቆ ይይዝ ነበር።

የጎደለው ጥያቄ ነው። በሚተረክልን ታሪክ ውስጥ እንግዶቹን አንድ ነገር ሲጠይቅ አንሰማም። እዚህ ላይ ታሪኩ የሚነገርበት በዓል የማን እንደሆነ ማስታወስ ደግ ነው። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ላይ መልአኩ ገብርኤል የምሥራቹን ይዞ ሲመጣ እመቤታችን ዝም ብላ አልተቀበለችም፤ ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀች። ሔዋን የእባቡን ቃል ሳትመረምር ተቀብላ ስለወደቀች ነው የጠየቀችው ብለው መምህራን ያስተምራሉ። የእውነተኛው መልአክ ነገር ደግሞ መጠየቁን አለመቆጣቱ ነው፤ መልስ ሰጣት። በላዔ ሰብእን በመጨረሻ ያማለደችው፣ እሱ መጀመሪያ ላይ ያላደረገውን ያደረገች ሴት ናት። ሰባኪዎቻችን ይህን ክር ቢመዙት ብዙ ሰው ይጠቀም ነበር።

ጥያቄ እንዳለ ሆኖ ሁለተኛ መከላከያም አለ፤ ሽሽት። አማርኛችን በ«ፈተና» አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል፤ የተማሪውንም የነፍሱንም። በአቡነ ዘበሰማያት የግእዙ ቃል «መንሱት» ነው፤ የምንለምነውም ፈተናውን እንድናሸንፍ ሳይሆን መጀመሪያውኑ ወደዚያ እንዳንገባ ነው። ዮሴፍም በጲጥፋራ ቤት ቆሞ አልተከራከረም፤ ልብሱን ጥሎ ሮጠ። ይህ ፍርሃት አይባልም።

ከ2015 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተናቸውን በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። ባሌ ሮቤ ያለው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ተፈታኞችን ከሚቀበሉት አንዱ ነው። ለዓመታት «አትኮርጁ» ተብሎ ተመክሯል፤ ምክሩ ብዙ አልሠራም። ስልክ የማይገባበት ግቢ ግን ሠራ። ልጆቹ በአንድ ክረምት ቅዱሳን አልሆኑም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ሆኖም በዚያ የመጀመሪያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህም ትምህርት አለው። ፈተናን ከመንገድ ማንሳት ኩረጃን ያስቀራል እንጂ ዕውቀት አያመጣም። የሸሸ ሰው ከሸሸ በኋላ በጎደለው ቦታ የሚያስቀምጠው ነገር ያስፈልገዋል።

ጾም ለእኔ ይህን ሁለቱንም የሚያደርግ ሥርዓት ነው፤ ይህን ደግሞ እንደ ጎባ ያለ ከተማ በደንብ ያሳያል። ከሳነቴ አምባ ሥር ያለው ብርድ ሥጋና ቅቤ እንደሚያስመኝ የኖረበት ያውቀዋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ተጋርቶ በሚኖርበት ሰፈር በብዙው ዓመት የአንዱ ጾም የሌላው ፍስክ ነው፤ የጎረቤት ድስት ሽታ ራሱ ፈተና ነው። በ2016 ግን ዐቢይ ጾምና ረመዳን መጋቢት 2 በአንድ ቀን ገቡ። አንዱ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ሌላው ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጠብቃል። «ቡና አፍልቻለሁ፣ ኑ» የሚል ቀን ላይ የለም። የማንም ፈቃድ በዚያ ወር አልበረታም፤ ግን ብቻውን የሚታገል ሰው አልነበረም። 55 ቀን ለብቻ ቢጾም ስንቶቻችን እንዘልቀዋለን? ጾሙን የሚሸከመው የጾመኛው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ እናት የምትሠራው ሽሮም፣ የተዘጋው ሥጋ ቤትም፣ የሚጾመው ጎረቤትም አብረው ይሸከሙታል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ከስልኩ ጋር ብቻውን የሚታገለውን ልጅ «ጠንክር» ብሎ መተው ጭካኔ ነው። ቢያንስ ንስሐ አባት ወይም አንድ ጓደኛ ይወቅለት።

እስካሁን ያልኩትን አጥብቆ የሚጠይቅ አንድ ሌላ መጽሐፍ አለ። በ1958 የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። በዛብህን ወላጆቹ በሕፃንነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ድንግል ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል። አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ብዙ አንባቢ ተፈተነ፣ ወደቀ ይላል። ከበላዔ ሰብእ ቀጥሎ ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። በሁለቱም ታሪኮች በእግዚአብሔር ስም የተሰጠ ልጅ አለ፤ በሁለቱም ልጁ አልተጠየቀም። ሐዲስ የሚጠይቁን ፈተናው የቱ ነው ብለው ነው፤ ፍቅሩ ነው ወይስ ስእለቱ?

በዚህ ከሐዲስ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የበዛብህ ወላጆች በላዔ ሰብእ አይደሉም፤ የተሳሉት ልጃቸው እንዲኖርላቸው ነው እንጂ እንዲሞት አይደለም። በዛብህም ስእለቱን የሰው ዕዳ ብሎ አልናቀውም፤ በልቡ ውስጥ እውነተኛ ሕግ ነው፣ ትግሉም እውነተኛ ነው። መጽሐፉ ግን አንድ ነገር ያስገድደናል። «ፈተና» የሚለውን ስም የሚሰጠው ማን ነው? አንዳንዱ ወጣት ዕድሜውን ሙሉ የሚታገለው ከኃጢአት ጋር ሳይሆን ሌላ ሰው ስለ እሱ ከገባው ቃል ጋር ነው። ይህንን ለመለየት ከበላዔ ሰብእ ታሪክ የሚገኘው መለኪያ ይሠራል፦ የመጣው ነገር የሚሰጥ ነው ወይስ ልጅ የሚወስድ?

ታሪኩ ራሱስ ነቀፋ የለውም? አለው። 78ቱ ቁጥር ብቻ ናቸው። የታረደው ልጅ አንድ ቃል አይናገርም። ማብቂያው የሚያስከፋውን ሰው ክፉ ልብ አለው ማለት አይገባም፤ የሚጮኸው ስለ እነሱ ሊሆን ይችላል። ለታሪኩ ልከራከር ብል የምለው ቁጥሩን አለመደበቁን ነው። ምሕረቱን ለማሳመር ሟቾቹን አልቀነሰም፤ ሁሉንም ሚዛኑ ላይ አስቀመጣቸው።

ውኃዋን በተመለከተ ግን መጀመሪያውን ላነበበ ሰው ነገሩ ይለወጣል። በቁስል የተመታው ድሃ በእግዚአብሔር ስም ለመነ፣ በቅዱሳን ስም ለመነ፣ ሰውየው እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምን ሰጠው። ምንድን ነው ያደረገው? እንግዳ ተቀበለ። ሰይጣን የገባበት ያ የድሮ ጠባዩ ከ78 ሰው በኋላም ጨርሶ አልሞተም ነበር። ይህኛው እንግዳ ደግሞ ልጅ አልጠየቀውም። ውኃ ጠየቀ፣ ውኃ ተሰጠው፣ የተሰጠውን ተቀበለ፤ እንደ አብርሃም እንግዶች።

ስለዚህ ከበላዔ ሰብእ ታሪክ «ምንም ብታደርግ ትድናለህ» የሚለውን ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ግማሹን ነው የሰማው። ሙሉው ታሪክ የሚለው ከባድ ነው። ፈተናህ ከጥሩ ጠባይህ በኩል ሊመጣ ይችላልና ጠይቅ፤ በመልኩ አትርጋ፣ የሚጠይቅህን እይ። ከወደቅክ ደግሞ የወደቅክበትን ጠባይ ቆርጠህ አትጣለው። መመለሻህም በዚያው በኩል ሊሆን ይችላል።